ሁለት ሜትር ከሩብ ካኪ

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ልብስ ሰፊውን አደምን ሌባ አልኩት። ወጣ በቃ። ዛሬ ጠዋት፣ በገዛ በረንዳው ላይ፣ ሰው ፊት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ለሱሪ ሁለት ሜትር ከሩብ ጨርቅ ወስጄለት መዳፍ የምታህል እራፊ አልመለሰልኝም። ካቻምናም እንደዚሁ። ዛሬ ሁለት ሜትር ከሩብ ካኪ ይዤለት ሄድኩና ገና ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋው፣ "የዚህኛው ትራፊ ደግሞ የትኛውን የልጅ ልጅህን ሊያለብስ ነው?" አልኩት። ቀልዴን ነበር። ግማሹ ቀልድ ነበር። አደም ሌላ ጊዜ ለቀልዴ መልስ አያጣም፤ ዛሬ ግን ቀና ብሎ "ምን ማለትህ ነው?" አለኝ። አፌ ደግሞ አንዴ ከተከፈተ ፍሬን የለውም። "ሌባ ማለቴ ነው" አልኩት።

ምራቱ ልብስ እየተኮሰች ነበር፤ ካውያውን እንዳንጠለጠለች ቀረች። ከጎን ሻይ የምትሸጠው አዴ ጫልቱ ብርጭቆ ማጠቧን አቆመች።

አደም ካኪውን ቀስ ብሎ አጣጥፎ መለሰልኝ። "ያ ጃርሳ" አለኝ። (ሽማግሌ ይለኛል፣ እሱ ራሱ በሁለት ዓመት እየበለጠኝ!) "ወስደህ ራስህ ቁረጠው፣ ራስህ ስፋው። ሰኞ ሱሪውን ለብሰህ፣ የተረፈህን ይዘህ ና። ካመጣህ እዚች ደረጃ ላይ ቆሜ 'አደም ሌባ ነው' ብዬ እጮኻለሁ። ካላመጣህ አንተ ትጮኻለህ።"

"ምን ብዬ?"

"የሰው ስም በከንቱ አጠፋሁ ብለህ።"

እሺ አልኩ። ምን ልበል? አዴ ጫልቱ እያየችኝ ነው።

ሃያ ስምንት ዓመት መጋዘን ጠብቄ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስኳር ከመኪና ሲወርድ ኩንታሉ ስንት እፍኝ እንደጎደለው ከተሸካሚው አረማመድ አውቃለሁ። ጨርቅም ዕቃ ነው። ዕቃ ተንኖ አይጠፋም፤ አንድ ሰው ቤት ገብቷል።

ሱሪ ሰፍቼ አላውቅም። ይሄ ትንሽ ችግር ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

መሲ ደረሰችልኝ። መሠረት የልጄ ልጅ ናት፤ እዚሁ ነገሌ ታስተምራለች፣ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ቀሚሷንም ጉርዷንም ራሷ ነው የምትሰፋው፤ የእግር ስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ነው ያለው። መቁረጡን ከማንም አልተማረችም። ፓተርን የሚሉት አላት፤ በፖስታ ታሽጎ የሚሸጥ የወረቀት ልብስ። ሞያሌ ያለች ጓደኛዋ ከድንበሩ ወዲያ ማዶ እየገዛች ትልክላታለች። ወረቀቱን ጨርቅ ላይ ታስቀምጣለህ፣ ዙሪያውን ትቆርጣለህ፣ ትገጥማለህ። አለቀ።

"የወንድ ሱሪም አለኝ አባባ፤ ለወንድሜ ብዬ ያስመጣሁት" አለችኝ።

አየሁት። ፖስታው ላይ አንድ ፈረንጅ ቆሟል። ቀጭን ነው፣ ይስቃል፣ ሁለቱንም እጁን ኪሱ ከቷል። ለምን? ኪሱ ደህና የተሰፋ ቢሆን እጁን አውጥቶ አያሳየንም ነበር? ለመሲ ነገርኳት። "ኧረ አባባ፣ አንቱ ደግሞ ወረቀትም ይጠረጥራሉ!" አለች።

ወረቀቱን ስንዘረጋው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነው። በላዩ ላይ መዓት መስመር፤ ድፍኑ፣ ቁርጥርጡ፣ ነጠብጣቡ። እያንዳንዱ መስመር የአንድ ሰው ውፍረት ነው አለችኝ። ማለት በአንድ ሱሪ ሰባት ሰው ቆሟል። በእኔ ጊዜ በአንድ ደረሰኝ ላይ ሰባት ቁጥር ቢገኝ ሰው ይታሰር ነበር።

ወገቤን ለካችኝ። ዘጠና አራት። ሰማንያ ስምንት ነው ብዬ ስምል የኖርኩ ሰው! ሜትሩን ጠረጠርኩት፤ በትምህርት ቤቷ ማስመሪያ አመሳከርኩት። ሜትሩ ንጹሕ ነው። እንግዲህ አደም ይሄን ሁሉ ዓመት እየለካ ዘጠና አራት መሆኔን ያውቅ ነበር፤ አንድ ቀን ትንፍሽ አላለም። ይሄም መዝገብ ይግባ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ነፋሱ ቀኑን ሙሉ ቀይ አቧራ ሲያስገባ ዋለ። መሲ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወለሉን ጠርጋ አንሶላ አነጠፈችና በላዩ የራሷን ጉርድ ቆረጠች፤ እኔ አይቼ እንድማር ነው። ሰማያዊ ጨርቅ ነው፣ ጥሩ ጨርቅ።

አየሁ። የተማርኩት ግን ሌላ ነው።

እያንዳንዱ የወረቀት ቁራጭ ላይ አንድ ረጅም ቀስት አለ። ቀስቱ ከጨርቁ ጠርዝ ጋር እኩል መሄድ አለበት ትላለች። በዚህ ጫፍ ትለካለች፣ በዚያ ጫፍ ትለካለች፣ የጣት ውፍረት ልዩነት ካገኘች ታነሣውና እንደገና። ሁሉም ቁራጭ እንደ ወታደር ወደ አንድ ወገን ቆመ። በመካከላቸው ግን ስንት ባዶ ቦታ! እዚህ ሦስት ማዕዘን፣ እዚያ እንደ ጀበና አንገት የጠበበ። ለምንም የማይሆን ቁርጥራጭ።

"ይቺን ብታጋድሚያት እኮ እዚች ጋ ትገባለች" አልኳት።

"አይሆንም አባባ። ቀስቱ ይላል።"

"ቀስቱን ማን ሣለው?"

"ፋብሪካው ነዋ።"

"ፋብሪካው ሌላ ምን ይሸጣል?"

ወደ መርፌዎቿ ዞረች። አያችሁ! ወረቀት የሚሸጥ ሰው ጨርቅ የሚሸጥ ወንድም አያጣም። ቀስቱን ተከተል ይልሃል፣ አንተ ትከተላለህ፣ ጨርቅ ይባክናል፣ ሌላ ትገዛለህ። ለመሲ ይሄን ሳስረዳት መርፌ በከንፈሯ ይዛ ስለነበር አልመለሰችልኝም፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። እየሳቀችብኝ ነው።

ጨርሳ ስትነሣ ግን መርፌዎቹን ከአፏ አውጥታ፣ "አባባ፣ እኔን ባይሰሙኝም ቀስቱን ይስሙት" አለችኝ። በአስተማሪ ድምፅ።

ዓርብ፣ የካቲት 7

እሷ ትምህርት ቤት ስትሄድ በሩን ዘግቼ ቆረጥኩት።

ሥራው የመጋዘን ሥራ ነው፣ ሌላ አይደለም። ሃያ ስምንት ዓመት የሠራሁት ይኼንኑ ነው፤ በጠባብ ቦታ ብዙ ዕቃ ማስገባት። ጆንያ ሁሉ ወደ አንድ ወገን አይተኛም። አንዱን ቁም፣ አንዱን አግድም፣ ትንሿን በክፍተቱ። አንዴ ተቆጣጣሪ መጥቶ "እዚህ ቤት ውስጥ ይሄ ሁሉ እህል እንዴት ገባ?" ብሎ ሁለት ጊዜ አስቆጥሮኛል።

ቀኝ እግሩን፣ ፊትና ኋላውን፣ እንደ መሲ በቀስቱ አስቀመጥኩት፤ ነገር እንዳይመጣ። የግራውን እግር የኋላ ቁራጭ ግን ትንሽ አጋደምኩት። የፊተኛውን ደግሞ ነፋስ እንዳጋደለው ባንዲራ ወደ ሌላው ወገን። ወገቡንና ኪሶቹን በክፍተቱ ሞላኋቸው። በሳሙና አሰመርኩ። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። ቆረጥኩ።

ተረፈ! ሙሉ ወርዱን የያዘ፣ ከሁለት ስንዝር በላይ ቁመት ያለው ካኪ! የአንድ ልጅ ቁምጣ በሚገባ ይወጣዋል። አጥፌ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ትራሴ ሥር አስቀመጥኩት። አደም፣ ጉሮሮህን አዘጋጅ።

ማታ መሲ ቁራጮቹን አየቻቸው። የግራውን እግር ብድግ አድርጋ መስኮቱ ጋ በብርሃን አየችው፤ ክሩን በጥፍሯ ተከተለችው። ከዚያ ወደ እኔ አየች። ልትናገር ነው ስል "እራት ይቅረብ?" አለችኝ።

ይሄ ዝምታ አላማረኝም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ከጠዋት ጀምሮ መኪናዋ ላይ። የዛሬ ድሎች፦

እግሬ መርገጫውን ለመደ። ክር የተበጠሰብኝ ስድስቴ ብቻ ነው።

የጎን ስፌት ቀጥ ብሎ ወረደ። መሲ እንኳ "በሉ፣ ጎበዝ" አለች።

ኪሶቹ እጅ ያስገባሉ። የፈረንጁን ምሥጢር አወቅሁ፤ ኪስ ሰፍቶ እጁን ሳይከት የሚቆም ሰው የለም።

ሽንፈት አንድ ብቻ፦ ዚፑን ገልብጬው ወደ ታች ነበር የሚዘጋው። ተፈታ፣ እንደገና ተሰፋ።

ከሰዓት በኋላ በከሰል ካውያ ተኩሼ ለበስኩት። ወገቡ ልክ። ርዝመቱ ልክ። በመሲ መስታወት ፊት ደረቴን ነፋሁ። ሰማንያ ዓመት ሊሞላኝ ምንም ያልቀረኝ ሰው የራሴን ሱሪ ሰፋሁ! ልጅቷም አጨበጨበች፤ እሷም ሰማያዊ ጉርዷን ለብሳ አጠገቤ ቆመች፣ ሁለታችን አዲስ ልብስ።

ከዚያ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሄጄ ልመለስ ብዬ ወጣሁ። ስመለስ የግራ እግሬን የሆነ ነገር ያዘው። አየሁ። ከጎኔ መሆን ያለበት ስፌት ቅልጥሜ ላይ ወጥቷል። በእጄ አዞርኩት። አሥር እርምጃ ሄድኩ፣ ተመልሶ መጣ። የቀኙ እግር ግን ከጎኑ ንቅንቅ አላለም።

ተጠርጣሪዎች፦

አንድ፣ እግሬ። (ግራው ድሮ ከበቅሎ ወድቄ ተሰብሮ ነበር። ግን አደም የሰፋልኝ ሱሪ ሁሉ በዚሁ እግር ላይ ቀጥ ብሎ ነው የኖረው።)

ሁለት፣ መኪናዋ። (ቀኙንም የሰፋችው እሷው ናት።)

ሦስት፣ ነፋሱ። (አፍሬ ሰረዝኩት።)

አራት፣ መሲ። ሳላይ ነካክታው ይሆን? ይሄንን ጮክ ብዬ አልኳት። አልተቀየመችም። ከመሬት አንድ ቁራጭ ካኪ አነሣችና "ይያዙ አባባ" አለችኝ። በድሩ በኩል ሳብነው፤ እንደ ገመድ ነው፣ አይበገርም። በማጉም ሳብነው፤ እንደዚያው። ከዚያ አጋድማ አስያዘችኝና ሳብነው። እንደ ጎማ ተለጠጠ! ስንለቀው ጠምዘዝ ብሎ ቀረ።

"ጨርቅ ድር አለው አባባ። ሰው ሲቆም ድሩም አብሮት መቆም አለበት። ካጋደሙት ወደ ተጋደመበት ይሄዳል። ቀስቱ የሚለው ይሄንኑ ነው።"

"ዓርብ ማታ አይተሽ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ሐሙስ ነግሬዎት ነበር" አለች። "ዓርብማ ተቆርጦ አልቋል። ምን ልበል?"

እሑድ፣ የካቲት 9

ከቅዳሴ መልስ ቆጠራ አካሄድኩ።

አንሶላውን በካኪው ወርድ ልክ አጠፍኩት። በሁለት ሜትር ከሩቡ ላይ በሳሙና አሰመርኩ። ከዚያ የወረቀቱን ሱሪ እንደገና ዘረጋሁት፤ አሁን ግን ሁሉም ቀስት ከጠርዙ ጋር፣ በዚህ ጫፍ ተለክቶ፣ በዚያ ጫፍ ተለክቶ። መሲን አልጠራሁም። ቁጥር ነው፣ ቁጥር ደግሞ ምስክር አይፈልግም።

የመጨረሻው ቁራጭ መስመሩ ላይ ሊደርስ አራት ጣት ሲቀረው አለቀ። የተረፈው፦ ሦስት ማዕዘኖች፣ አንድ ጠባብ ዘርፍ፣ ከእግር መሃል የወጣ ጨረቃ የመሰለ ነገር። ለመርፌ መሰኪያ እንኳ አይበቃም።

ሁለት ጊዜ ደገምኩት። አልተለወጠም።

ከዚያ ከሳጥኔ አደም የሰፋቸውን ሁለት ሱሪዎች አወጣሁ። ገለበጥኳቸው። ድሩን በጥፍሬ ተከተልኩ፤ መሲ እንዳደረገችው። ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ በአራቱም ቁራጭ፣ ቀጥ ያለ። አንዲት ጣት ጨርቅ እንኳ ለመቆጠብ ብሎ አላጋደመም። ይሄ ሰውዬ ምንም አልወሰደብኝም። እኔ ነኝ ሱሪዬ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ትራፊው የት ገባ ብዬ ስጠይቅ የኖርኩት።

አሁን ሐቁን ልጻፍ፤ ይሄን ደብተር የሚያየው የለም (መሲ ካላየችው፤ እሷንም እጠረጥራለሁ)። ወዲያው ያሰብኩት ይቅርታ አይደለም። ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ ትራፊው አለ። ሱሪውም አለ። ጋቢዬን ወደ ታች ለቀቅ አድርጌ ብለብስ ቅልጥሜ አይታይም። ደረጃው ጋ ቆሜ፣ ጨርቁን ከፍ አድርጌ አሳይቼ፣ አስጩኼው ልመለስ እችላለሁ። አደም ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም። ይጮኻል። በምራቱ ፊት፣ በደንበኞቹ ፊት፣ ሌባ ነኝ ይላል።

ጋቢዬን አውጥቼ በሱሪው ላይ ለካሁት፤ ይሸፍናል።

ከሰዓት አዴ ጫልቱ በደጃችን ስታልፍ ጎራ አለች። "አካም አባባ፣ ናጋ?" ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችኝና አጥሩን ተደግፋ፣ "ሱሪው አለቀ ወይ? ገበያው ሁሉ ነገ ይሰበሰባል" አለችኝ። እሱ ልኮሽ ነው ወይ አልኳት። "እሱማ ካንተ በኋላ ከሰው አያወራም" አለችኝ። "ትናንት ሁለት ሴቶች መጥተው ጨርቃቸውን ሲያስቆርጡት አየሁ። ፊቱ ቆመው። ዱሮ ጥለው ነበር እኮ የሚሄዱት።"

ስትሄድ ጋቢዬን አጥፌ ሳጥን ውስጥ መለስኩት።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ሱሪውን ለበስኩ። ጋቢውን ቤት ተውኩት። መሲ በር ላይ ቆማ አየችኝና "አብሬዎት ልምጣ?" አለች። እንቢ አልኳት። ከዚያ ተመልሼ ነይ አልኳት።

እውነትም ሰው ነበር። ሥራ የሌለው ሁሉ የሻይ ብርጭቆ ይዞ በረንዳው ሥር ቆሟል። አደም መኪናው ላይ ነው፤ ቀና አላለም። እኔ ስቀርብ ግን ዓይኑ መጀመሪያ የሄደው ወደ ፊቴ አይደለም፣ ወደ ግራ እግሬ ነው። ከዚያው ከተቀመጠበት፣

"አዴ ጫልቱ፣ ይሄን ሰውዬ እዩት። አንዱ እግሩ ወደ ክብረ መንግሥት፣ አንዱ ወደ ሞያሌ ነው የሚሄደው" አለ።

በረንዳው በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን አልሳቀም።

"አጋድመህ ነው የቆረጥከው።"

"አጋድሜ ነው" አልኩ።

"ተረፈህ?"

ጋዜጣውን ፈትቼ ካኪውን አወጣሁ። አንዱ ከኋላ "አደም፣ ተረታህ!" ብሎ ጮኸ። አደም ቀስ ብሎ ተነሣ፣ መቀሱን አስቀመጠ፣ ወደ ደረጃው መጣ። ሊጮኽ ነው! ሱሪዬን እያየ፣ ነገሩን ሁሉ እያወቀ፣ ቃሌ ነው ብሎ ሊጮኽ ነው!

ቀደምኩት። ደረጃው ላይ ወጣሁ። ስወጣ ስፌቱ ጭራሽ ወደ ውስጥ ዞረ። "እኔ የመጋዘኑ ታደሰ" አልኩ፣ "አደም አንዲት ክር አልወሰደብኝም። ይሄ ትራፊ ከተበላሸ ሱሪ የመጣ ነው። በደህና ሱሪ አይተርፍም፤ ትናንት ሁለት ጊዜ ለክቼዋለሁ። የሰው ስም በከንቱ አጠፋሁ።"

"አልሰማሁም" አለ አደም።

ደገምኩት፤ አሁን በመጋዘን ድምፅ፣ ከጭነት መኪና ጫፍ እስከ ጫፍ በሚሰማው። ወዲያ ማዶ ፍየል የሚጎትተው ሰውዬ ሳይቀር ቆሞ ሰማ። መሲ ከኋላ መሬት መሬት ታያለች።

ሰው ቀስ በቀስ ተበተነ። ይቅርታ ማየት እንደ ጠብ አይጥምም።

አደም መኪናው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። አንድ ሙሉ ስፌት ጨረሰ። ከዚያ ክሩን በጥርሱ በጥሶ፣ "ወላሂ፣ የከፋኝ ሌባ ስላልከኝ አይደለም" አለኝ። "ቀልደኛ ነህ፣ አውቅሃለሁ። ምራቴ ማታ 'አባቴ፣ እውነት ነው ወይ?' ብላ ጠየቀችኝ። በዚህ ቤት ውስጥ ተጠየቅሁ።"

ቀልድ ፈልጌ አጣሁ። እኔ! ዘወር ብዬ ምራቱን "ልጄ፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት" አልኳት። ካውያዋን እንደያዘች ራሷን ነቀነቀች። አንገቷን ቀና አላደረገችም።

ይበቃል ብዬ ልሄድ ስነሣ አንዲት ሴት ከወደራ ከተማ ከመጣ አውቶቡስ ወርዳ መጣች። አበባማ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ጫፉን ይዛ ቆመች፤ አለቀቀችም። ወሬው ወደራም ደርሷል ማለት ነው፤ ወይም ማንንም አታምንም። አደም ጨርቁን አየ፣ ሴትዮዋን አየ፣ ከዚያ እኔን።

"እህቴ፣ አንቺ ሻይሽን ጠጪ" አላት። "እሱ ይይዝልኛል።"

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ ግራ እግሬ ላይ ትንሽ ቆየች። ለቀቀች።

ያዝኩለት። ሁለት እጄን ሰፋ አድርጌ፣ ጠርዙን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካክዬ። አደም በሳሙናው አሰመረ፣ መቀሱን አስገባ፣ ቆረጠ። ታረቅን ወይስ እጅ ቸግሮት ነው? አላወቅሁም። አንዴ ብቻ፣ ቀና ሳይል፣ "አትሳበው" አለኝ።

አልሳብኩትም።